የብራዶክ ምድጃና የቀብር ማኅበሮቹ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከቀረበው ንግግር)



የሥራና የሒሳብ ሪፖርቱ ከመሰማቱ በፊት አንድ ትምህርታዊ ንግግር እንድናቀርብ የሥራ አመራር ኮሚቴው ስለ ጠየቀን፣ ስለ አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ታሪክ ልንነግራችሁ ተዘጋጅተን መጥተናል። “ለመሆኑ እድርና የብረት ፋብሪካ ምን አገናኛቸው?” የሚል ሰው በመካከላችን እንደሚኖር እናውቃለን። መልሱ አጭር ነው። ያን ፋብሪካ በላባቸው ያቆሙት ሰዎች እንደኛው እድርተኞች ነበሩ። በየወሩ ያዋጡ ነበር፤ ሬሣ ያነሡ ነበር፤ ከቀብር የቀረውን ይቀጡ ነበር። ደግሞም ዛሬ በአጀንዳችን ላይ የተያዘውን ጥያቄ፣ ማለት “እድር ለሞተ ብቻ ነው ወይስ ሳይሞት ለተሰበረም ጭምር?” የሚለውን፣ እነሱ ከመቶ ዓመት በፊት አንሥተው ተከራክረውበታል።

በንግግራችን ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

ፋብሪካው ኤድጋር ቶምሰን ይባላል። የሚገኘው በአሜሪካ፣ በፔንሲልቬንያ ክፍለ ሀገር፣ ከፒትስበርግ ከተማ በስተምሥራቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ብራዶክ በምትባል አነስተኛ ከተማ፣ በሞኖንጋሂላ ወንዝ ዳር ነው። በ1875 የመጀመሪያውን ብረት ቀለጠ፤ በ2025 ደግሞ 150 ዓመት ሞላው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ባለቤቱ ተለዋውጧል፣ መሣሪያው ተለዋውጧል፣ በዙሪያው የነበሩ ፋብሪካዎች አብዛኞቹ ፈርሰዋል። እሱ ግን ከከተማው ቤቶች ጋር ደጃፍ ለደጃፍ እንደ ተፋጠጠ ዛሬም ይሠራል።

ፋብሪካውን ያቋቋመው አንድሩ ካርኔጊ ነው። ይህ ሰው በ1835 በስኮትላንድ ከሸማኔ ቤተ ሰብ ተወለደ። የአባቱን የእጅ ሽመና የእንፋሎት መኪና ስለ ቀማው፣ ቤተ ሰቡ በ1848 ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ልጁም በ13 ዓመቱ ጥጥ ፋብሪካ ገብቶ በሳምንት 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም እየተከፈለው የክር ማጠንጠኛ እያመላለሰ ሠራ። ኋላ በፔንሲልቬንያ የምድር ባቡር ኩባንያ ተቀጥሮ የንግዱን መንገድ ተማረ። ልብ በሉ፤ የአሜሪካ የብረት ንጉሥ ተብሎ የተጠራው ሰው ራሱ በድህነት የመጣ ስደተኛ ነበር። የድህነትን ጣዕም ያወቀ ሁሉ ግን ለድኻ ይራራል ማለት እንዳልሆነ ወደፊት እናያለን።

በዚያን ጊዜ ባቡር በአሜሪካ ምድር እየተስፋፋ ነበር። ከተራ ብረት የተሠራው ሐዲድ ቶሎ ቶሎ ያልቅ ስለ ነበር፣ ሁሉም የሚሻው አረብ ብረት ነበር። አረብ ብረት ደግሞ ውድ ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ቤሰመር በ1856 ያወጣው ዘዴ ነገሩን ለወጠው። ዘዴው ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም። የአገራችን ቀጥቃጭ ወናፉን እየነፋ ከሰሉን እንደሚያግል ሁላችንም አይተናል። ቤሰመር ያደረገው ወናፉን ከከሰሉ አልፎ በቀለጠው ብረት ሆድ ውስጥ እንዲነፋ ማድረግ ነው። የሸክላ ጋን በሚመስል ትልቅ ዕቃ ውስጥ የቀለጠው ጥሬ ብረት ይገለበጣል፤ ከሥሩ አየር በኃይል ይገባበታል፤ በብረቱ ውስጥ ያለው ካርቦን ከአየሩ ጋር ሲገናኝ ይነድዳል፤ እሳቱ ከዕቃው አፍ ወደ ሰማይ ይተፋል። በ20 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ብዙ ቶን አረብ ብረት ይገኛል። ቀድሞ ይህን ለመሥራት ብዙ ቀን ይፈጅ ነበር።

ካርኔጊ ይህን በ1872 እንግሊዝ አገር ሄዶ ካየ በኋላ ጊዜ አላጠፋም። በ1873 በብራዶክ መሬት ተቆፈረ። ፕላኑን ያወጣው አሌክሳንደር ሆሌ የተባለ ስመ ጥር መሐንዲስ ነው። የፋብሪካው ስም ደግሞ የወጣው በጄ. ኤድጋር ቶምሰን፣ ማለት በፔንሲልቬንያ የምድር ባቡር ኩባንያ ፕሬዚዳንት ስም ነው። ለምን ቢባል፣ ሐዲድ የሚገዛው እሱ ነበርና! ነጋዴው ካርኔጊ ሸማቹን በስሙ አከበረው። ቶምሰን ግን በ1874 ስለ ሞተ ፋብሪካው ሲጠናቀቅ አላየም። በነሐሴ 1875 የመጀመሪያው አረብ ብረት ወጣ፤ በመስከረም መጀመሪያ የመጀመሪያው ሐዲድ ተሠራ። የመጀመሪያውም ትእዛዝ 2,000 ሐዲድ ለዚያው ለምድር ባቡር ኩባንያ ነበር።

የፋብሪካው የመጀመሪያ ሥራ አስኪያጅ ዊሊያም ጆንስ ይባላል፤ ሠራተኛው “ካፒቴን ቢል” ይለው ነበር። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የዘመተ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በብረት ሥራ ያደገ ሰው ነው። ከባለ አክሲዮኖቹ ጋር ሽርክና ቢሰጡት እምቢ አለ፤ በምትኩ 25,000 ዶላር በዓመት ተከፈለው። ታዲያ ይህ ሰው አንድ ቁም ነገር ያውቅ ነበር። ሥጋና ደም የለበሰ ሰው በእሳት ፊት 12 ሰዓት ቆሞ ሊሠራ አይችልም ብሎ በጽሑፍ ተከራከረ። ካርኔጊንም አሳምኖ ፋብሪካውን በ8 ሰዓት ሦስት ፈረቃ አሠራው። ምርቱም ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

ይሁን እንጂ ነገሩ አልዘለቀም። ሌሎቹ የብረት ፋብሪካዎች በ12 ሰዓት ስለሚያሠሩ ካርኔጊ “ብቻችንን ልንከስር ነው” አለ። በ1888 ከሠራተኞቹ ጋር ከባድ ጠብ ተነሥቶ ፋብሪካው ተዘጋ። ሲከፈት የ12 ሰዓት ሥራ ተመልሶ መጣ። ከዚያ በኋላ በብረት ፋብሪካዎች 12 ሰዓት ለ35 ዓመታት ቆየ። በዚያ ላይ የሌሊቱና የቀኑ ፈረቃ በየሁለት ሳምንቱ ሲለዋወጥ፣ አንዱ ወገን 24 ሰዓት ያለ ዕረፍት ይሠራ ነበር። ይህን “ረጅሙ ተራ” ይሉታል። ብዙው አደጋ ሲደርስ ሰውየው እንቅልፍ ደፍቶት ነው ቢባል አያስደንቅም።

ካፒቴን ጆንስም ራሱ ከእሳቱ አላመለጠም። በመስከረም 1889 አንዱ ማቅለጫ ምድጃ በውስጡ ያለው ነገር ተጣብቆ አልወርድ አለ። ጆንስ እንደ ልማዱ ከሠራተኞቹ ጋር ሆኖ ሊያስከፍት ሲታገል ምድጃው ፈነዳ። ከሁለት ቀን በኋላ ሞተ። በዚያው ዓመት በግንቦት የጆንስታውን ከተማ በጎርፍ ስትጠፋ የፋብሪካውን ሠራተኞች ይዞ ለዕርዳታ የሄደ ሰው ስለ ነበር፣ ለቀብሩ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወጣ። ለአለቃ እንዲህ ይለቀሳል። አካፋ ይዞ ለሚሞተው የቀን ሠራተኛስ ማን ያለቅስለታል? የእድሩ ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ከ1880ዎቹ ጀምሮ ወደ ብራዶክ የገቡት ሠራተኞች አብዛኞቹ በዚያን ጊዜ የኦስትሪያና ሀንጋሪ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ከነበረው አገር የመጡ ስሎቫኮችና ክሮአቶች፣ ሌሎችም የምሥራቅ አውሮፓ ገበሬዎች ነበሩ። አሳባቸው ጥቂት ዓመት ሠርተው፣ ጥሪት ይዘው፣ አገራቸው ተመልሰው መሬት ለመግዛት ነበር። ቋንቋ አያውቁም፤ ካቦው በምልክት ያዛቸዋል። የሚሰጣቸውም ከሁሉ የከፋው ሥራ ነው። በ1907 ዓ.ም. አካባቢ ተራ የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ በሰዓት 16 ሳንቲም ተኩል ያገኝ ነበር፤ 12 ሰዓት ቢሠራ ወደ 2 ዶላር ይጠጋል ማለት ነው።

በዚህ ገንዘብ ቤተ ሰብ ማስተዳደር ስለማይቻል ሴቶቹ ደባል ያስገቡ ነበር። በአንድ ክፍል አራትና አምስት ሰው ያድራል። የሌሊቱ ፈረቃ ሲመጣ የቀኑ ፈረቃ ከዚያው አልጋ ተነሥቶ ይሄዳል፤ አልጋው አይቀዘቅዝም። እናቲቱ ከግቢው ቧንቧ ውኃ እየቀዳች የሁሉንም ልብስ ታጥባለች፣ ለሁሉም ትቀቅላለች። ስለ ፋብሪካ ታሪክ ሲጻፍ እነዚህ ሴቶች አይቆጠሩም። ግን ምድጃው ውስጥ የገባውን ሰው ያበሉትና ያጠቡት እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ክሪስታል ኢስትማን የተባለች የሕግ ባለሙያ ፒትስበርግ ባለበት በአሌጌኒ አውራጃ ከሐምሌ 1906 እስከ ሰኔ 1907 ባለው አንድ ዓመት ውስጥ በሥራ ላይ የሞተውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ መዝግባ በ1910 መጽሐፍ አወጣች። የሟቾቹ ቁጥር 526 ሆነ። ከነዚህ ውስጥ 195ቱ የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ቀጥላም እየቤታቸው ሄዳ “ቀጣሪው ምን ሰጣችሁ?” ብላ ጠየቀች። ባለ ትዳር ከሆኑት ሟቾች ቤተ ሰቦች ከግማሽ የሚበልጡት ያገኙት 100 ዶላር ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ምንም ያላገኙም ብዙ ነበሩ። በጊዜው ሕግ ሟቹ ራሱ ጥፋት ነበረበት፣ ወይም ጓደኛው ነው ያጠፋው፣ ወይም አደጋውን አውቆ ነው የተቀጠረው ከተባለ ቀጣሪው አይጠየቅም ነበር። እንግዲህ ከሦስቱ አንዱን ማግኘት ለጠበቃ ምን ያስቸግረዋል?

መንግሥት ካላየው፣ ቀጣሪ ካልካሰው፣ ሰው ወዴት ይሄዳል? ወደ ጎረቤቱ ነዋ! ስሎቫኮቹ በ1890 በፒትስበርግ ብሔራዊ የስሎቫክ ማኅበርን አቋቋሙ፤ መሥራቹ ፒተር ሮቭኒያኔክ ይባላል። በዚያው ዓመት በክሊቭላንድ ከተማ የስሎቫክ ካቶሊኮች የመጀመሪያ ማኅበር ተመሠረተ። ክሮአቶችም በ1894 የራሳቸውን አቋቋሙ። እነዚህ ማኅበራት በየፋብሪካው ሰፈር ቅርንጫፍ ነበራቸው። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመርጣል፤ በወር አንድ ጊዜ ይሰበሰባል፤ መዋጮ ይከፍላል። ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ ማለት አይደለም እንዴ? ጡሩምባ ነፊው ብቻ ነው የቀረው።

አባል ሲሞት ማኅበሩ ያስቀብራል፤ ለሚስትና ለልጆች የተወሰነ ገንዘብ ይሰጣል። በብዙዎቹ ማኅበራት ከቀብር የቀረ አባል መቀጫ ይከፍላል። ደረታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት የጥብጣብ ምልክት ነበራቸው። የምልክቱ አንድ ገጽ በቀይና በሰማያዊ፣ በወርቅማ ክር ያጌጠ ሲሆን ለበዓል ነው። ጀርባው ደግሞ ጥቁር ነው፤ ለቀብር ሲወጡ ይገለበጣል። ያው አንድ ጨርቅ ለደስታም ለሐዘንም ይሆናል። እኛም ድንኳናችንን ለለቅሶም ለሠርግም እንደምንተክለው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጆሮአችሁን እንድትሰጡን እንለምናለን። የእነዚህ ማኅበራት ሥራ በቀብር ብቻ አልተወሰነም። ብዙዎቹ ቅርንጫፎች ለታመመና ለተጎዳ አባል በየሳምንቱ መጠነኛ ገንዘብ ይሰጡ ነበር። ሕመምተኛን የሚጎበኙ ሰዎች ይመረጣሉ። የእነሱም ሥራ ሁለት ነው፤ አንደኛ ሰውየውን ማጽናናት፣ ሁለተኛ በእርግጥ መታመሙን አይቶ ለጉባኤው መመስከር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በብረት ፋብሪካ የሚሞተው ብዙ ቢሆንም እግሩ የሚቆረጠው፣ ዓይኑ የሚፈሰው፣ ጀርባው የሚሰበረው ደግሞ ከሟቹ እጅግ ይበልጣል። የሞተው አንድ ጊዜ ይቀበራል። የተሰበረው ግን በየቀኑ ይበላል፤ ልጆቹም ይበላሉ።

ችግር አልነበረም አንልም። በብዙዎቹ ማኅበራት መጀመሪያ ወጣቱም ሽማግሌውም እኩል ያዋጣ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ አባላቱ አረጁ፣ የሞተው በዛ፣ ሣጥኑ መራቆት ጀመረ፤ ወጣቶቹም “ለሽማግሌ ቀብር ብቻ ልንከፍል ነው ወይ?” እያሉ መቅረት አመጡ። መፍትሔ ያደረጉት መዋጮውን በዕድሜ መመደብና የቀብሩን ገንዘብ ከሕመምተኛው ገንዘብ ለይቶ መያዝ ነው። ይህን ሒሳብ ጠንቅቀው ያደረጉት ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተዋል፤ ያላደረጉት ፈርሰዋል።

ካርኔጊ በበኩሉ በ1889 ለብራዶክ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሠርቶ ሰጠ። በአሜሪካ ካሠራቸው ሁሉ የመጀመሪያው ነው። ከሥሩ ሠራተኛው ገላውን የሚታጠብበት ክፍል ነበረው፤ በ1893 ደግሞ የሙዚቃ አዳራሽና መዋኛ ተጨመረለት። ሕንፃው ያማረ ነው፤ ዛሬም አለ። ነገር ግን አስቡት፤ በእሳት ፊት 12 ሰዓት ቆሞ የዋለ ሰው መጽሐፍ የሚያነበው መቼ ነው? የተቀበለው ስጦታ ትልቅ ነው፤ የጎደለው ግን ጊዜ ነበር። ካርኔጊ በ1901 ሀብቱን በ480 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ፤ ዩናይትድ ስቴትስ ስቲል የተባለው ግዙፍ ኩባንያም ተቋቋመ። ኤድጋር ቶምሰን ከዚያ ወዲህ የዚህ ኩባንያ ሆነ።

ሕጉም ቀስ በቀስ ተለወጠ። የኢስትማን ዓይነት ጥናቶች ዓይን ስለ ከፈቱ፣ በ1915 ፔንሲልቬንያ የሠራተኛ የጉዳት ካሣ ሕግ አወጣች፤ ከ1916 መጀመሪያ ጀምሮም በሥራ ላይ ዋለ። በ1919 መስከረም የብረት ሠራተኞች በመላው አገር ታላቅ የሥራ ማቆም አድማ አደረጉ። መሰብሰቢያ ሲከለከሉ በብራዶክ የስሎቫኮች ቤተ ክርስቲያን ካህን የነበሩት አባ አዳልበርት ካዚንሲ በግልጽ ከአድማኞቹ ጎን ቆሙ። አድማው በጥር 1920 ያለ ውጤት ቆመ። ቢሆንም በ1923 የ12 ሰዓት ሥራ ቀረ። በ1936 የሠራተኛ ማኅበር አደራጆች በየፋብሪካው ሲዞሩ የመረዳጃ ማኅበራቱን ድጋፍ ጠይቀው አገኙ፤ ቀድሞውንም የሚተማመን፣ መዋጮ መክፈልና ዳኛ መምረጥ የለመደ ሕዝብ በዚያ ነበርና። በመጋቢት 1937 ኩባንያው ያለ አድማ ፈርሞ የሠራተኛውን ማኅበር አወቀ፤ የ8 ሰዓት ቀንና የ40 ሰዓት ሳምንት፣ በቀንም 5 ዶላር ተፈቀደ። ቀብር ለማንሣት የተሰበሰበው ሰው ኋላ ሳይቀበር በፊት መብቱን አስከበረ ማለት ነው።

ይህን ታሪክ በልብ ወለድ ለማንበብ የሚሻ ሰው ቢኖር፣ በ1903 በብራዶክ ከስሎቫክ ቤተ ሰብ የተወለደው ቶማስ ቤል በ1941 ያሳተመው “ከዚህ ምድጃ ውስጥ” የተሰኘ መጽሐፍ አለ። የሦስት ትውልድ ታሪክ ነው።

ነገር ግን አሸናፊነቱ ለሁሉም እኩል አልደረሰም። በደቡብ በኩል ካሉት የአሜሪካ ክፍላተ ሀገር የመጡ ጥቁር ሠራተኞች በብረት ፋብሪካዎች ለብዙ ዘመን በጣም ሞቃቱና በጣም ቆሻሻው ሥራ ላይ ይመደቡ ነበር። የእድገት ተራ በየክፍሉ ስለሚቆጠር፣ ወደ ተሻለ ክፍል የተዛወረ ጥቁር ሠራተኛ የቆየበትን ዘመን ሁሉ ያጣ ነበር። በ1974 ብቻ ነው መንግሥት ዘጠኝ የብረት ኩባንያዎችንና የሠራተኛውን ማኅበር በፍርድ ቤት አስፈርሞ ይህን ያስቀረው። ማኅበር መሥርቶ ሌላውን ከበር ማስቀረት ከባለ ሀብት ብቻ የሚመጣ ጥፋት አይደለም፤ ይህም ለእኛ ትምህርት ነው።

ከዚያ በኋላ ክፉ ዘመን መጣ። በ1959 ከ500,000 የሚበልጥ ሠራተኛ ለ116 ቀን ሥራ አቁሞ ሳለ የውጭ አገር ብረት ወደ አሜሪካ መግባት በዛ። የፋብሪካዎቹ መሣሪያ አርጅቶ ነበር። በ1984 የዱኬይን ምድጃዎች፣ በ1986 ዝነኛው የሆምስቴድ ፋብሪካ፣ በ1987 በማኪስፖርት የነበረው ተዘጉ። በሆምስቴድ ቦታ ዛሬ የገበያ አዳራሽ አለ፤ የቆሙ ጥቂት የጭስ ማውጫዎች ብቻ ምልክት ሆነው ቀርተዋል። ኤድጋር ቶምሰን የተረፈው አንድም ማቅለጫ ምድጃዎቹ በደኅና ስለ ነበሩ፣ አንድም በ1992 የቀለጠውን ብረት ሳያቋርጥ በቀጥታ ወደ ጠፍጣፋ ግንድ የሚያረጋ አዲስ መሣሪያ ስለ ተተከለለት ነው። በ2005 የሠራው ብረት 2.8 ሚሊዮን ቶን ደርሷል።

ከተማይቱ ግን ከፋብሪካው ጋር አልተረፈችም። በ1920 ብራዶክ 20,879 ሕዝብ ነበራት፤ በ2020 በተደረገው ቆጠራ 1,721 ሰው ብቻ ተገኘ። በ2010 ሆስፒታሏ ተዘጋ። መሣሪያው ሲሻሻል ብረት ለመሥራት የሚያስፈልገው ሰው ቁጥር ይቀንሳል፤ ጭሱ ግን ለቀረው ሰው ይቀራል። በ2022 ፋብሪካው ስለ አየር ብክለት 1.5 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማማ። በሰኔ 2025 ደግሞ የጃፓኑ ኒፖን ስቲል ኩባንያ መላውን ዩናይትድ ስቴትስ ስቲልን በ14 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ። ባለቤቱ ከፒትስበርግ ወደ ቶኪዮ ተሻገረ ማለት ነው።

አደጋስ ቀረ? አልቀረም። ነሐሴ 11 ቀን 2025 ለኤድጋር ቶምሰን ምድጃ የሚሆነውን ኮክ የተባለ የተጣራ የድንጋይ ከሰል የሚያዘጋጀው የክሌርተን ፋብሪካ ፈንድቶ ሁለት ሠራተኞች ሞቱ፤ ከ10 የማያንሱ ቆሰሉ። ሕጉ፣ የራስ ቆቡ፣ የሠራተኛ ማኅበሩ፣ ሁሉም እያለ ማለት ነው። እሳት እሳት ነው። ልዩነቱ በ1907 የሞተው ሰው ሚስት እጇን አጣጥፋ ስትቀር፣ የዛሬዎቹ በሕግ የሚጠይቁት ካሣ መኖሩ ነው።

የተከበራችሁ አባላት፤ አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በሰፈራችን የሕንፃ ሥራ፣ የብየዳ፣ የእንጨት ሥራ፣ የመኪና ጥገና የሚሠራ ብዙ አባልና የአባል ልጅ አለ። ባለፈው ዓመት ከመካከላችን አንዱ ከእንጨት መወጣጫ ላይ ወድቆ ወገቡን ተጎዳ። ቀጣሪው የመጀመሪያውን ሳምንት ሐኪም ቤት ከከፈለ በኋላ ስልክ አላነሣም። እኛስ ምን አደረግን? ብርቱካን ይዘን ጠየቅን፤ “እግዜር ይማርህ” አልን፤ ወጣን። ደንባችን ከዚህ በላይ አይፈቅድምና። በዚያን ቀን ሞቶ ቢሆን ኖሮ ድንኳኑ ይተከል፣ ንፍሮው ይቀቀል፣ ገንዘቡም ለባለቤቱ ይቆጠር ነበር። በሕይወት ስለ ተረፈ ሣጥናችን ተቆልፎበት ቀረ። ይህ ነገር ልባችንን ሊያሳርፈው አይገባም።

ሕግ የለም ልንል አንችልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛ ሕክምናና ካሣ እንዲያገኝ ያዛል። ነገር ግን ያለ ውል፣ በቃል ብቻ፣ በካቦ ተጠርቶ የሚሠራ ሰው ተቀጣሪነቱን የሚያስረዳለት ወረቀትና ምስክር ያስፈልገዋል። ታሞ የተኛ ሰው ይህን ብቻውን ሮጦ አያገኘውም።

ስለዚህ ከብራዶክ ሰዎች ታሪክ ተነሥተን ለጉባኤው ሦስት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ከወር መዋጮው ላይ ጉባኤው የሚወስነው ትንሽ ድርሻ ተለይቶ በሌላ የባንክ ደብተር እንዲቀመጥ፣ በሥራ ላይ ተጎድቶ ሥራ ላቆመ አባል እስኪድን ድረስ በተወሰነ ጊዜ እንዲሰጥ። የቀብሩ ገንዘብ በምንም ምክንያት እንዳይነካ በደንቡ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ ሦስት ጠያቂዎች ይመረጡ፤ ቢቻል አንዷ ሴት ትሁን። ሕመምተኛውን አይተው ለኮሚቴው ይመስክሩ።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ አባል የሚሠራበትን ቦታና የሚያሠራውን ሰው ስም ለጸሐፊው ያስመዝግብ፤ ሥራ ሲቀይርም ያሳውቅ። አደጋ ሲደርስ እድሩ ምስክር ይሆናል፤ መዝገቡም ማስረጃ ይሆናል። ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣንም።

ሽማግሌዎቻችን “ገንዘቡ ለቁስለኛ ካለቀ እኛን ማን ይቀብረናል?” ብለው እንደሚሰጉ እናውቃለን። ስጋታቸው የእውነት ነው፤ ከላይ እንደ ተናገርነው ሣጥኑን ሳይለዩ የቀላቀሉት ማኅበሮች ፈርሰዋል። ለዚህ ነው ሁለት ደብተር የምንለው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይባላል። አንድ የተሰበረ ሰው ለአንድ ቤት ሸክም ነው፤ ለእኛ ግን፣ ቁጥራችን ይህን ያህል ሆኖ ሳለ፣ ምንም አይደለም።

ድምፅ ሲሰጥ እጃችሁን በምታነሡበት ጊዜ አንድ ነገር ብቻ አስታውሱ። እድር የተመሠረተው ሰው ብቻውን እንዳይቀበር ነው። ብቻውን እንዳይሰበርም ብናደርገው፣ ከአባቶቻችን አሳብ የወጣን ሳይሆን አሳባቸውን ከፍጻሜ ያደረስን ነን።